ጆሮ ሲሰማ እጅ አይቦዝን፦ የጋሽ ቁጭ በሉ የሕይወት ታሪክ

ሙሉ ስማቸው በሽፋኑ ላይ ከፎቶግራፋቸው ሥር የታተመው፣ አብዛኞቻችን ግን ጋሽ ቁጭ በሉ እያልን ስንጠራቸው የኖርነው ነርስና የነርሶች መምህር፣ ከአናጢ አባታቸውና ሹራብ በመሥራት ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ሲኖረው አንደኛው የአባታቸው የሥራ ቦታ ስለነበር፣ እናታቸው "ይሄ ልጅ መራመድ ሳይችል በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ መንሸራተት ነው የለመደው" እያሉ ያጫውቱ ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችው ባለቤታቸው ናት።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተከታትለው በ1963 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከትምህርት መልስ አባታቸውን በመጋዝና በመላጊያ ያግዙ፣ እናታቸውንም ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሱ ነበር። እናታቸው አስም ነበረባቸው። በዚያን ጊዜ በሽተኛ ሕመሙን የሚናገረው በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል፣ ቆሞ፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ ሁሉ እየሰማው ነበር። እናታቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ቃል አልወጣ ሲላቸው፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው "ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰው አለ" ይላቸዋል። እሳቸውም "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ሳል ብቻ ነው" ብለው ይመለሳሉ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጋሽ ቁጭ በሉ ይህን አባባል በሰሙ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እናታቸው ያጡት የሚናገሩበትን መቀመጫ እንጂ ድፍረቱን እንዳልነበረ አይተዋልና።

በ1964 ዓ.ም. ነርስ ትምህርት ቤት መግባታቸው በቤት ውስጥ ቀላል ወሬ አልነበረም። አባታቸው "ሐኪም ቢሆን ሐኪም ነው፤ አናጢ ቢሆን አናጢ ነው፤ ይሄ መሃል ላይ ያለው ምን ይባላል?" ብለው ለብዙ ጊዜ አኩርፈዋል። አንድ ጎረቤት ደግሞ በራፍ ላይ ቆሞ "ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ!" ብሎ ሲስቅ እናታቸው ከውስጥ ሆነው "የሱ አባት ሚስማር ይዞ አይደል የሚውለው? ይሄ የልጄ ሚስማር ነው፤ አንተም አንድ ቀን ጀርባህን ሰጥተህ ትተኛለታለህ" ብለው መልሰዋል። እንዳሉትም ሆነ። ጎረቤቱ በኋለኛው ዘመን ከመርፌው ይልቅ መርፌ ወጊውን አምኖ ሱሪውን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ትምህርታቸውን በ1966 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት ጨርሰው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ተመደቡ። እስከ 1973 ዓ.ም. ድረስም በዚያው ሠሩ። እጃቸው የተፈታው እዚያ ነው። ፋሻ ሲጠቀልሉ ያየ ሰው እጃቸው ላይ የአባታቸውን እጅ ያይ ነበር፤ አይላላም፣ አይጠብቅም፣ ጫፉ የት እንደገባ አይታወቅም። ሆስፒታሉን ይወዱት ነበር፤ ስለ እሱም ክፉ ተናግረው አያውቁም።

በ1973 ዓ.ም. በራሳቸው ጥያቄ ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ተዛወሩ። እናታቸው ይመላለሱበት የነበረው ያው ጤና ጣቢያ ነው፤ እናታቸው ከቆሙበት መስኮት ወዲያ ማዶ አሁን እሳቸው መቆማቸው ነበር። ክሊኒኩን ለማታውቁት፣ መንገድ ዳር ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት ግራጫ ቀለም የተቀባ ጠባብ መተላለፊያ ይገኛል፤ በስተግራ ካርድ ክፍል፣ በስተቀኝ የክሊኒኩ ኃላፊ የነበሩት ሴት ሐኪም ክፍል፣ በሐኪሟ ክፍልና በመርፌ መውጊያው መካከል ደግሞ የተሰበሩ ወንበሮችና የጥጥ ካርቶን የሚጣሉበት አንድ ዕቃ ቤት ነበር። የነርስ ሥራ መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብና "ተረኛ ግባ" ብሎ መጣራት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ያጋጠማቸውን አንድ ታሪክ ለሠላሳ ዓመታት ለተማሪዎቻቸው ነግረዋል። አንድ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ደም ግፊቱ አልወርድ አለ። መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል፣ በወሩ ያው ሆኖ ይመለሳል። መጠኑ ይጨመርለታል፣ ያው ነው። አንድ ቀን ጋሽ ቁጭ በሉ ከተሰበሩት ወንበሮች የተሻለውን ጎትተው አስቀመጡትና ክኒኑን መቼ መቼ እንደሚወስድ ጠየቁት። ሹፌሩ ግራና ቀኝ አይቶ "ጋሼ፣ ይሄ ክኒን ሽንት ያመጣል። ሃምሳ ሰው ጭኜ በየት በየት ልቁም? ግፊቱስ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለኝ፤ ተሳፋሪው ግን እዚያው ነው" አላቸው። አንድም ቀን አልዋጠውም ነበር። ከሐኪሟ ጋር ተመካክረው ሽንት የሚያመጣውን ክኒን ከመንገድ መልስ እንዲወስድ፣ ሌላው መድኃኒቱም እንዲለወጥለት አደረጉ፤ ግፊቱም ወረደ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሆስፒታል የተማሩት ትምህርት ለክሊኒክ እንደማይበቃ ይናገሩ ጀመር። "ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛው የኛ እንግዳ ነው፤ ስንሰጠው ይበላል፣ ተኛ ስንለው ይተኛል። እዚህ ግን በሕይወቱ ውስጥ እንግዶቹ እኛ ነን። ትንሽ ደቂቃ አይተነው ወደ ሥራው፣ ወደ ጓዳው፣ ወደ ልማዱ ይመለሳል። እንግዳ ደግሞ የሰው ቤት ገብቶ አያዝዝም፤ ይጠይቃል" ይሉ ነበር።

የዕድላቸው ነገር፣ ሐኪሟ ይህን ለመስማት ጊዜ የነበራቸው ሰው ነበሩ። ሐኪሟ ዛሬም በመካከላችን ተገኝተዋል። "ደም ግፊት ሠላሳ ዓመት አብሮ የሚኖር ነገር ነው፤ እኔ በወር አሥር ደቂቃ ነው የማየው። የቀረውን ማን ይይዘዋል? ያንን ዕቃ ቤት ጥረጉት" አሉ። በ1974 ዓ.ም. ዕቃ ቤቱ ተጠርጎ የነርስ ክፍል ሆነ። ከሐኪሟ ክፍል ጋር የሚያገናኘው በር ቁልፉ ጠፍቶ ነበር፤ ሁለቱም ሌላ ቁልፍ አላስገጠሙለትም። በዚያ በር በኩል የግፊትና የስኳር ሕሙማን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፉ ኖሩ። ጋሽ ቁጭ በሉ የስኳር ሕሙማንን እግር ጫማ አስወልቀው ጣት በጣት ይመረምሩ ነበር፤ ነፍሰ ጡሮችን ይከታተሉ፣ ሕፃናትን ይከትቡ፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት እንዴት እንደሚሳብ ራሳቸው እየሳቡ ያሳዩ ነበር። ከሁሉ የበለጠው ሙያ ግን በሩን የማንኳኳት ሙያ ነው ይሉ ነበር። ቶሎ የሚያንኳኳ ነርስ ሐኪሙን ያደክማል፤ ዘግይቶ የሚያንኳኳ በሽተኛውን ይጎዳል። መቼ እንደሚንኳኳ ማወቅ ነው ትምህርት ማለት።

ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው በዚሁ ክፍል ነው። የሚገባው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ቃል ከአፉ ሳይወጣ "ቁጭ በሉ" ይባላል። ለአዛውንት "ቁጭ በሉ"፣ ለፖሊስ "ቁጭ በሉ"፣ የሚያፈስ ጣራ ሊጠግን ለመጣ ሠራተኛ ሳይቀር መሰላሉን እንደያዘ "ቁጭ በሉ" ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ካርድ ክፍል ይሠሩ የነበሩ አንዲት እናት እንደሆኑ ይነገራል፤ ሴትዮዋ ግን እስከ ጡረታቸው ክደዋል።

አባታቸው የልጃቸውን ሥራ ያዩት እግራቸው ቆስሎ ክሊኒኩ በተመላለሱ ጊዜ ነው። ቁስሉ እስኪድን ድረስ በመተላለፊያው የሚወዛወዝ አግዳሚ ላይ ተራቸውን እየጠበቁ ሰው እንዴት ገብቶ እንዴት እንደሚወጣ ተመለከቱ።  የመጨረሻው ፋሻ የተፈታ ዕለት "ይሄ አግዳሚያችሁ ግን ያሳፍራል" ብለው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ መደገፊያ ያለው፣ አረጋውያን ተመርኩዘው እንዲነሡበት ክንዱ ከፍ ያለ፣ ወፍራም እንጨት አግዳሚ በጋሪ አስጭነው አመጡ። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሚስማር አልላላም። በእኛ ቤት ይህ እንደ እርቅ ደብዳቤ ይቆጠራል።

በዚያው በ1974 ዓ.ም. አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት በቤተ ሙከራ የተቃጠለ እጇን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ለመድረስ እየቸኮለች ወደ ክፍላቸው ገባች። "ቁጭ በሉ" አሏት። "ቆሜ ይታሰርልኝ፣ ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነው" አለች። "ቆሞ የታሰረ ቁስል ቆሞ ይፈታል" አሏት። ተቀመጠች። እንዲህ የሚባል ተረት በቋንቋችን እንደሌለ ያወቀችው በኋላ ነው። ቁስሉ ከሚጠይቀው በላይ ሳትመላለስ አልቀረችም። በ1975 ዓ.ም. ተጋቡ። እስከ መጨረሻው ድረስ "አስተማሪዬ" እያሉ ይጠሯት ነበር። ትዳራቸው አርባ ሁለት ዓመት ጸንቷል።

ሴት ልጃቸው በ1977 ዓ.ም.፣ ወንድ ልጃቸው በ1981 ዓ.ም. ተወለዱ። በመካከሉ፣ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ከቤታቸው ርቆ በሚገኝ ኮሌጅ የማኅበረሰብ ጤና ነርሲንግ ተምረው በዲፕሎማ ተመረቁ። በቤታቸው የሚታወቅ አንድ ድክመት ነበራቸው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሲከትቡ የኖሩት ሰው የራሳቸውን ልጆች መከተብ አልቻሉም። ለባልደረባቸው ሰጥተው መተላለፊያው ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። ልቅሶው ሲያበቃ "በቃ? ነካችው?" ይሉ ነበር። ሴት ልጃቸው "አባዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ያየሁት ያኔ ነው" ትላለች።

ከኮሌጅ መልስ ያነሡት ጉዳይ የዕድሜያቸው ዋና ሥራ ሆነ። ለአጠቃላይ ሕክምና ክሊኒክ የሚሆኑ ነርሶች ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ሳይሆን እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ሊሠለጥኑ ይገባል አሉ። ሦስት ዓመት ጠይቀው፣ በ1984 ዓ.ም. ለሙከራ ተፈቀደላቸው። ሥልጠናው የሚጀመረው በአባታቸው አግዳሚ ላይ ነበር። ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ነጭ ጋውን አይለብስም፤ በተራ ልብሱ ከሕሙማኑ መካከል ተቀምጦ ይውላል። "መጠበቅ ምን እንደሚመስል ሳታውቁ፣ የጠበቀ ሰው እንዴት እንደሚናገር አታውቁም" ይሏቸው ነበር። አንድ ተማሪ ጠዋት ተቀምጦ ቀትር ሳይሆን አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ሊድሩለት ደርሰው ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ጎናቸው ተቀምጦ ማየት፣ ቀጥሎ እሳቸው ጎኑ ተቀምጠው እሱ መሥራት ይመጣል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሩ ተዘግቶ እያንዳንዱ በሳምንቱ ውስጥ ያላወቀውን አንድ ነገር ይናገራል። ሁሉን አውቄአለሁ ያለ ተማሪ ወደ አግዳሚው ይመለሳል። ሐኪሟም በዚያ ሰዓት እየገቡ ያላወቁትን ይናገሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ከሚያጠብቋቸው ሕግጋት አንዱ፣ ሰው ሲናገር የመመርመሪያ መሣሪያ አታንሡ የሚል ነበር። ወሬ የተቋረጠበት ሰው የሚመለሰው ወደ "ደህና ነኝ" ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ያ ሕግ ፈተነን። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚመኩባት፣ ሕሙማኑ ዝምተኛዋ የሚሏት ሠልጣኝ ነበረች። አንዲት ልብስ ሰፊ እናት "ደከመኝ፣ ያዞረኛል" ብለው መጡ። ዝምተኛዋ አስቀመጠቻቸው። እናትየው ልጃቸው ርቆ መሄዱን፣ ቤቱ ኦና መሆኑን፣ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጠው እንደሚያለቅሱ ነገሯት። ልጅቷ ሐዘን ነው ብላ ሰማቻቸው። እንደተማረችው አላቋረጠችም፤ መሣሪያም አላነሣችም፤ እጃቸውንም አልነካችም። ሴትዮዋ "ቀለለኝ" ብለው መርቀዋት ወጡ፤ ከክሊኒኩ በር ሳይርቁም ወደቁ። ጋሽ ቁጭ በሉና ሐኪሟ ሮጠው ሲደርሱ የልብ ምታቸው ከመጠን በላይ ዘግይቶ ነበር። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተወስደው ምቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ተተከለላቸውና ዳኑ። እጃቸው አንድ ጊዜ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ግን የልባቸው ነገር እዚያው ወንበር ላይ ይታወቅ ነበር።

ጉዳዩ ወደ በላይ ኃላፊዎች ሄዶ ሦስት ገምጋሚዎች መጡ። የቀረበው ሐሳብ ልጅቷ እንድትሰናበት፣ የነርስ ክፍሉ እንዲዘጋ፣ ሥልጠናውም ወደ ሆስፒታል እንዲመለስ ነበር። የብዙ ዓመት ልፋታቸው በአንድ ቀን ሊፈርስ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት እህል በአግባቡ አልቀመሱም፤ ያሳሰባቸው ስለ ክፍሉ ብቻ አልነበረም። ዝምተኛዋ ጋውኗን አጣጥፋ ጠረጴዛቸው ላይ ትታ ሄዳ ነበርና ቤቷ ድረስ ሄደው መልሰው ሰጥተዋታል። "እኔ ባስተማርኩሽ ላይ አንቺ ፈርደሽ አትሄጂም" ነበር ያሏት።

ክሊኒኩ አዳራሽ ስለሌለው ግምገማው በመተላለፊያው ተካሄደ። ገምጋሚዎቹ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ቁጭ በሉ ያን ዕለት ቆመው ተናገሩ። ንግግራቸው አጭር ነበር። "ልጅቷ ያደረገችው አንድም ሳይዛነፍ እኔ ያስተማርኳትን ነው። ጥፋቱ ያለው ትምህርቱ ላይ ነው። ሰው እየሰሙ እጁን መያዝ እንደሚቻል አላስተማርኩም። ይህ ይታረማል። ትምህርት የሚታረመው ግን ትምህርት ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው፤ ከዘጋችሁት ስሕተቱ እንዳለ ሌላ ቦታ ይቀጥላል።" ሐኪሟም "ያንን ክፍል ከዘጋችሁ እኔንም አብራችሁ ዝጉኝ፤ ብቻዬን ይህን ሕዝብ አልችለውም" አሉ።

ያልተጠሩት ልብስ ሰፊዋ እናት በዚህ መሃል ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ገቡ። ከሆስፒታል ከወጡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። "ልጅቷን ልታባርሩ ነው አሉ" አሉ። "እኔ እኮ ለዚች ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነግሬያት ነው፤ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ሌላ አምጥታችሁ እንደገና ከሀ ልጀምርላት ነው? ልቤንም እናንተ ናችሁ የምታደክሙት!" በመተላለፊያው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከገምጋሚዎቹም ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛው አልሳቁም፤ ከመውጣታቸው በፊት ግን ክንዳቸውን ዘርግተው "እስቲ የኔንም ግፊት" አሉ። የለካችው ዝምተኛዋ ናት።

ክፍሉ አልተዘጋም። ሥልጠናው ታርሞ በዓመቱ እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። ጋሽ ቁጭ በሉ የቀድሞውን ሕግ ሽረው በምትኩ "ጆሮ ሲሰማ እጅ አይቦዝን" የሚለውን አስገቡ። ሕመምተኛው ሲናገር ነርሷ የእጁን አንጓ ትይዛለች፤ ዓይኗ ፊቱ ላይ ነው፣ ጣቷ ግን የልቡን ምት እየቆጠረ ነው። ለታማሚው ማጽናኛ ነው፤ ለነርሷ ምርመራ ነው። በዓይን ከንፈር ይታያል፣ ቁርጭምጭሚት ይታያል፣ አተነፋፈስ ይታያል፤ ወሬው ግን አይቋረጥም። ተማሪ ይህን ሁለቱን አንድ ላይ እስኪይዝ አያልፍም ነበር። ብዙዎች ወድቀው ደግመዋል፤ "አልፈሃል" የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ መስማት ከባድ እንደነበር ዛሬ እዚህ የተሰበሰባችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

ሥልጠናው በ1993 ዓ.ም. በይፋ ዕውቅና አገኘ። በእሱ ያለፉ ነርሶች ዛሬ በብዙ ክሊኒኮች የራሳቸው ክፍልና የራሳቸው ተከታታይ ሕሙማን አሏቸው፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ያሠለጥናሉ። ቤተሰባቸው በማያውቀው ከተማ ታሞ የተኛ አንድ የወንድማቸው ልጅ፣ የማያውቃት ነርስ ከመናገሩ በፊት ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀምጣ አንጓውን ስትይዘው "አንቺ የጋሼ ተማሪ ነሽ" ማለቱን ነግሮናል። ጋሽ ቁጭ በሉ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ውስጥ አቧራ ገብቷል አሉ። ንፋስ ግን አልነበረም።

በ2005 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። የነርስ ክፍሉንና ሥልጠናውን የተረከበችው ዝምተኛዋ ናት። እሳቸውም እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ያላወቁትን ለመናገር ይሄዱ ነበር። በቤታቸው የአባታቸውን መላጊያ አውጥተው ለልጅ ልጆቻቸው ትንንሽ ወንበር ይሠሩ ነበር፤ ከእነዚያ ወንበሮች አንዱም ሳይወዛወዝ ቀርቶ አያውቅም። "ሙያ በደም አይወረስም፣ በትምህርት እንጂ፤ ይኸው ማስረጃው" እያሉ ይስቁ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ድካም ታመሙ። ሰውን ሁሉ ቁጭ በሉ ሲሉ የኖሩት ሰው ራሳቸው መቀመጥ አቃታቸው። እግራቸው እያበጠ "ጫማው ነው የጠበበው" አሉ። ጫማው እንዳልጠበበ ባለቤታቸው ታውቅ ነበር፤ እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቁ ነበር። ጡረታ የወጡት ሐኪሟ ከቤታቸው መጥተው "እንግዲህ ተራህ ነው፤ ተቀመጥ" ካሏቸው በኋላ ግን ታዛዥ ታማሚ ሆኑ። ክኒናቸውንም በሰዓቱ ዋጡ፤ "አውቶቡስ አልነዳ፣ ምን ምክንያት አለኝ?" ይሉ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ወራት ዝምተኛዋ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት በየማለዳው ቤታቸው ትመጣ ነበር። ቦርሳዋን ሳትከፍት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። እሳቸው ስለ አዳራቸው፣ ስለ አዲሶቹ ተማሪዎች፣ ስለ አግዳሚው ያወራሉ፤ እሷ አንጓቸውን ይዛ ትሰማለች። አንድ ጠዋት ወሬያቸውን አቁመው አዩዋት።

"አሁን እያጽናናሽኝ ነው ወይስ እየቆጠርሽ?"

"ሁለቱንም ነው፣ ጋሼ።"

"ስንት ሆነ?"

"ወሬዎን ሲጨርሱ እነግርዎታለሁ።"

ብዙ ሳቁ፤ ለጤናቸው ከሚገባው በላይ ሳቁ። ከዚያም "አልፈሻል" አሏት። ዝምተኛዋ ሥልጠናዋን ካጠናቀቀች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ገና እንደ ተመረቀች ልጅ ሆና ከቤት ወጣች።

ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ ዝምተኛዋ እንደ ወትሮዋ መጥታ አንጓቸውን ያዘች። ጥቂት ቆይታ ተነሣችና ወንበሩን ለባለቤታቸው ለቀቀችላት። ባለቤታቸው ተቀመጠች፤ እጃቸውንም ተቀበለች። አብራቸው አርባ ሁለት ዓመት ስትኖር ሌላ ብዙ ነገር ተምራለች፤ መቁጠር ግን አልተማረችም። ይዛቸው ቆየች። በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ በሰላም ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸውና ባሏ፣ ወንድ ልጃቸውና ሚስቱ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ እህታቸው እንዲሁም ቁጥራቸውን ራሳቸውም የማያውቁት ተማሪዎቻቸው አሏቸው። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው፣ በተለይ ለክሊኒኩ ሠራተኞችና በሽተኛ ሆነው ሳለ ሊጠይቁን ለመጡት ልብስ ሰፊ እናት፣ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። የነርስ ክፍሉ ነገ በተለመደው ሰዓት ይከፈታል፤ ፈቃዳቸው እንዲህ ነበር።

በሄዱበት ደጃፍ ቆመው ተራ አይጠብቁ። ፈጣሪ ከእናታቸው አጠገብ ስፍራ ሰጥቶ፣ እሳቸው ሰውን ሁሉ በተቀበሉበት ቃል ይቀበላቸው፤ "ቁጭ በል ልጄ" ይበላቸው።